ከዓባይ ብቻቸውን የወጡት የሃምሳ አለቃ ስጦታው ደምለው ዜና ሕይወት

የተከበራችሁ ካህናት አባቶች፣ የቢቸና ነዋሪዎች፣ ከሞጣ ድረስ የደከማችሁ ወዳጆች፤ ሟቹ በሕመም አልጋቸው ላይ ሳሉ፣ «የሚያምረውን ብቻ መርጣችሁ እንዳታነቡልኝ» ብለው ቤተ ሰባቸውን አደራ ስላሉ፣ በዚህ ዜና ሕይወት ውስጥ ለጆሮ የሚከብድ ነገር ብትሰሙ በእርሳቸው ፈቃድ የተነገረ መሆኑን እንድታስቡልን በትሕትና እንለምናለን።

ሃምሳ አለቃ ስጦታው ከአባታቸው ከአቶ ደምለው አየነውና ከእናታቸው ከወይዘሮ ይርጋነሽ ብዙነህ በ፲፱፻፶፪ ዓ.ም. በቢቸና ከተማ ተወለዱ። ፊደል ቆጥረው፣ እዚሁ ከተማ ትምህርት ቤት ገብተው አሥረኛ ክፍልን ከጨረሱ በኋላ፣ ከወንዝ ሌላ ውሃ አይተው የማያውቁ ሲሆኑ፣ በ፲፱፻፸፩ ዓ.ም. በባሕር ኃይል ተቀጥረው ወደ ምጽዋ ወረዱ፤ በዚያም የአየር ሲሊንደር በጀርባ አዝሎ ከባሕር በታች የመሥራትን፣ ማለትም የጠላቂነትን ሙያ ተማሩ።

በጠላቂዎቹ መካከል ሁለት ዓይነት ሐሳብ ነበረ። አንዱ ወገን፣ ጠላቂ ከጓደኛው ጋር ወርዶ ከጓደኛው ጋር መውጣት አለበት፣ አየሩ ሳያልቅ መመለስ፣ ውሃው ካላማረው ደግሞ ጨርሶ አለመግባት አለበት ሲል፣ ሌላው ወገን ባሕር የደፋር ነው፣ ሕግ የሚያበዛ የፈራ ሰው ነው ይል ነበር። ሃምሳ አለቃ የፊተኛው ወገን ተሟጋች ሲሆኑ፣ የኋለኛው ወገን አውራ ደግሞ አብረዋቸው የሚጠልቁት የሞጣው ተወላጅ አቶ አካለ ወልድ ነበሩ። አቶ አካለ ወልድ፣ «አንተ ገና ሳትገባ መውጣቱን ታስባለህ» እያሉ ሲቀልዱባቸው፣ እርሳቸውም «አንተን የሚያወጣህ ሰው ያስፈልጋላ» እያሉ ይመልሱላቸው ነበር። አዲስ ምልምል በመጣ ቁጥር ጓደኛን ውሃ ውስጥ ጥሎ መውጣት ምን ያህል ነውር እንደሆነ የሚያስተምሩትም እርሳቸው ነበሩ።

በ፲፱፻፹፫ ዓ.ም. ባሕር ኃይሉ ሲበተን ሁለቱም ወደየአገራቸው ተመለሱ፤ አቶ አካለ ወልድ ሞጣ ላይ ወፍጮ ቤት ሲከፍቱ፣ ሃምሳ አለቃ ቢቸና ላይ በውሃ ቧንቧ ጥገና ተቀጠሩ፤ በ፲፱፻፹፮ ዓ.ም. ወይዘሮ የትናየት ምናለን አግብተው ሰብለ ወንጌልንና እንዳለውን ወለዱ።

በ፲፱፻፺፮ ዓ.ም. ከሞጣ በታች በዓባይ ላይ የእግረኛ መሻገሪያ ሲሠራ፣ ከውሃው ሥር ያለውን መሠረት እንዲመረምሩ ሁለቱ ጓደኞች ተፈልገው ተቀጠሩ። በኅዳር ወር፣ ወንዙ ገና ሳይጎድል፣ ቀለሙ የተባለ ወጣት በዋና ሊሻገር ገብቶ ውሃ ወሰደው፤ እናቱ ወይዘሮ ባንቺዓለምም የልጄን ሬሳ ሳላይ አልነሣም ብለው ከወንዙ ዳር ተቀመጡ። ሃምሳ አለቃ፣ «ውሃው እስኪጎድል እንጠብቅ፤ የሞተ ሰው አይቸኩልም» ቢሉ፣ አቶ አካለ ወልድ፣ «የሞተውስ አይቸኩልም፤ እናቱ ግን እያየችን ነው። ካልገባህ ብቻዬን እገባለሁ» ብለው መነጽራቸውን አጠለቁ። ጓደኛን ብቻውን መስደድ ሲነቅፉት የኖሩት ነገር ነውና፣ ሃምሳ አለቃም እየፈሩ አብረው ገቡ።

ውሃው ደፍርሶ የገዛ እጅ እንኳ ስለማይታይበት በወገባቸው በአንድ ገመድ ተያይዘው ነበር። አቶ አካለ ወልድ ሬሳውን በድንጋይ መካከል ተወትፎ አግኝተው፣ እርዳኝ ሲሉ ገመዱን ሳቡት፤ በዚያው ቅጽበት ጎርፉ ሃምሳ አለቃን ከቋጥኝ ጋር ስላጋጫቸው ልባቸው ከዳቸውና፣ ሲሊንደራቸው አየር ሳያንሰው፣ ቋጠሮውን በገዛ እጃቸው ፈትተው ወጡ። ከዳር የቆመው ሰው፣ «ገመዱ ተበጠሰ እንዴ?» ብሎ ቢጠይቃቸው፣ «አዎ» አሉ። ጥቂት ቆይቶም አቶ አካለ ወልድ ሬሳውን አቅፈው፣ አንድ እግራቸው ተሰብሮ፣ ውሃው በሚወርድበት በኩል ወጡ። ወይዘሮ ባንቺዓለም ከልጃቸው ሬሳ ተነሥተው የሁለቱንም ጠላቂዎች እግር እየሳሙ ሲመርቁ፣ ሃምሳ አለቃ እግራቸውን የሚሸሽጉበት አጡ።

ከዚያ ወዲያ ሞጣ ለለቅሶም ለሠርግም አልሄዱም፤ ሰው ስለ ጀግንነታቸው ሲያነሣ ከተቀመጡበት ተነሥተው ይወጡ ነበር። ምክንያቱን ለወይዘሮ የትናየት የነገሯቸው ከዓመታት በኋላ ሲሆን፣ እርሳቸውም «ለኔ መንገርህ ምን ይረባል? ሂድና ለሰውየው ንገረው» አሏቸው። በ፳፻፫ ዓ.ም. ሞጣ ሄደው በወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ቆሙና፣ «ገመዱ አልተበጠሰም፤ እኔ ነኝ የፈታሁት» አሉ። አቶ አካለ ወልድም ዱቄታቸውን እያራገፉ፣ «ጫፉ ወገቤ ላይ ቀርቶ አይቼዋለሁ፤ የተበጠሰ ገመድ እንደዚያ አይሆንም» አሏቸው።

«ታዲያ ለምን ዝም አልህ?»

«አንተ እስክትመጣ እየጠበቅሁ ነዋ። ዘገየህብኝ እንጂ።»

ይቅርታ ለመኑ፤ ተደረገላቸውም። ያን ዕለትም ስለ መጥለቅ ሲከራከሩ ዋሉ፤ አቶ አካለ ወልድ፣ «ሕግህስ ደግ ነበረ፤ ያቃተው አንተን ነው» አሏቸው። ለወይዘሮ ባንቺዓለም እውነቱን ሊነግሩ ቢሄዱ ግን ቀድመው ዐርፈው አገኟቸው፤ የተሳመው እግራቸው እስከ መጨረሻው እንዳሳፈራቸው የኖረውም ስለዚህ ነው። ለእናቲቱ ያልደረሰው ቃል ዛሬ በሕዝብ ፊት እንዲነበብ የፈለጉትም ስለዚሁ ነው።

በኩላሊት ሕመም ደብረ ማርቆስና ባሕር ዳር ሲታከሙ ቆይተው፣ ሚያዝያ ፳፻፲ ዓ.ም. በተወለዱ በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው በቤታቸው ዐረፉ። ከኋላቸው ባለቤታቸው ወይዘሮ የትናየት፣ ልጆቻቸው ሰብለ ወንጌልና እንዳለው፣ እንዲሁም እርሳቸው የለቀቋቸው፣ እርሳቸውን ግን ሳይለቁ በምርኩዝ እያነከሱ አስታመው ዛሬም ከመቃብሩ አፍ የቆሙት ጓደኛቸው አቶ አካለ ወልድ ቀርተዋል።

ጴጥሮስን ከማዕበል እጁን ይዞ ያወጣ አምላክ የአገልጋዩን የስጦታውን ነፍስ ይቀበልልን፤ ያፈሩበትን ይሸፍንላቸው። አሜን።