ስሙን ለዚህ ሲስተም አትስጡ

የተከበራችሁ ቤተሰቦቹ፣ የተከበራችሁ ኃላፊዎቻችን፣ ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፤ እኔ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ከዚህ ሰው ጋር አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። ወሬ እንደማበዛ ታውቃላችሁ፤ ዛሬም ታገሡኝ።

ቅድም ዳይሬክተራችን፣ የቤትና የቦታ መዝገቡ ሲስተም ሰኞ በእሱ ስም እንደገና ሥራ ይጀምራል አሉ። ሰማችሁ አይደል? በእሱ ስም።

"አይጨመርም" ብለን ነበር የምንጠራው። አንድ ፕሮጀክት ከመጀመሩ በፊት ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ የሚጽፈው እሱ ነበር። ሌላው ባለሙያ ከስብሰባ አዳራሽ ሆኖ ይጽፋል። እሱ ግን መጀመሪያ ሦስት ቀን ከባለጉዳይ ጋር ይሰለፋል። አንድ ቀን እኔው ራሴ በመስኮቱ፣ ቀና እንኳ ሳልል፣ "አባቴ፣ ቅጂ አላመጡም፤ ነገ ይመለሱ" አልኩት።

"እሺ እትዬ። ይሄንንም እጽፈዋለሁ" አለኝ።

ድምፁን ሳውቀው መግቢያ ጠፋኝ። ከዚያ እንባችን እስኪመጣ ሳቅን። አብሮት መሥራት እንዴት ደስ ይል ነበር።

ይሄ ሲስተም አራት ነገር ብቻ ይሥራ ብሎ ጻፈ። ስብሰባ ተጠራ። አንዱ "ግብርም ይሰብስብ" አለ። አንዱ "ካርታም ይሳል" አለ። አንዱ "በስልክም ይሁን" አለ።

"አይጨመርም" አለ።

"አንተ ሰውዬ፣ ለመንግሥት ትሰስታለህ እንዴ?"

"እኔ የምሳሳው ለተሰለፈው ሰው ነው።"

ጨመሩት። አራቱ አሥራ አራት ሆነ። አልፈርምም አለ። በማግስቱ ጠረጴዛውን ዕቃ ግምጃ ቤት አስገቡት። ማን "ለምን?" አለ? እኔስ ብያለሁ?

ያለ እሱ ፊርማ ተመረቀ። ሪባን ተቆረጠ። ሲስተሙ ሳይሞከር የወረቀት ፋይሉን ምድር ቤት ጥለነው ነበርና ውሃ ገባበት። በዚያው በምረቃው ዕለት አንዲት እናት የቤታቸውን ቁጥር ነገሩን፤ ስክሪኑ "እባክዎ ይጠብቁ" አለ። ጭብጨባው አለቀ፣ እንግዳው ሄደ፣ እሳቸው እንደቆሙ ቀሩ። የእሳቸውን ፋይል ከርጥቡ ክምር ውስጥ ቅጠል በቅጠል እየላቀቀ ያወጣላቸው ማን ነበር? ይሄው፣ እዚህ የተኛው ነው።

ጌታዬ ዳይሬክተር፣ የሰኞውም ሲስተም ያው አሥራ አራቱ ነው። አንዱም አልተቀነሰም። ሲስተሙ እንደገና ሲቆም የተሰለፈው ሰው ማንን ይርገም? ልጆቹ የአባታቸውን ስም ከእርግማን ጋር ይስሙት? ባለቤቱን አሁን ጠየቅኋት፤ "አይሆንም" ብላለች። እኔም አይሆንም እላለሁ። ሰኞ መስኮቱ ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ፤ ለሚጠይቀኝ ሁሉ እሱ አልፈረመም እላለሁ። ከፈለጋችሁ የእኔንም ጠረጴዛ አዛውሩት።

ወንድሜ፣ በሕይወት እያለህ አልተናገርኩልህም። አርፍጃለሁ፤ ይቅር በለኝ። በል ደህና ሁን። ስምህን ይዘህ ሂድ።