ነፋስ የሌለው ፋን

የአሮጌው ዴስክቶፔ ፋን ክንፉ ተሰባበረና፣ ኮምፒውተሩ ገና ስከፍተው ይግልና ድርግም ይላል። ከሺፍት በወጣሁ ቁጥር በላስ ቬጋስ ፀሐይ እየተጠበስኩ ሱቅ ለሱቅ ዞርኩ። አንዱ ሻጭማ ሞዴሉን ስነግረው፣ «ወንድሜ፣ እሱ የሚያስፈልገው ፋን ሳይሆን ጡረታ ነው» ብሎ ሳቀብኝ። በመጨረሻ ዊንቸስተር የሚባለው ሰፈር ውስጥ አሮጌ ኮምፒውተር እየፈታታ ከሚሸጥ ሰውዬ ልኩን አገኘሁ። ቤት ገብቼ ገጠምኩት፤ ሲሽከረከር ደስታዬን አትጠይቁኝ! ጠረጴዛው ስር እግሬ ላይ እፍ ሲልብኝ፣ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ መጥታ እኔ ጋ የሰነበተችው እናቴ ከኪችን ብቅ አለች።

«ደሞ መጣ ይሄ ነፋስ?»

«እማዬ፣ ይሄ እኮ ኮምፒውተሩን የሚያቀዘቅዝ ነው።»

«ኮምፒውተሩን ተወውና ጉልበትህን አስብ! ነፋስ መቶህ አልጋ ላይ ብትቀር ማን ሊያስታምምህ ነው? ያኛውን እንኳን በማንኪያ እጀታ ወግቼ ገላግዬህ ነበር።»

ውጪው እንኳን ሰው አስፋልት ያቀልጣል፣ እሷ ብርድ እንዳይመታኝ ትጠብቀኛለች።

«እማዬ፣ አንቺ ነሽ የሰበርሽው?»

«እና አንተን እስኪሰብርህ ልጠብቅ? አሁንም ሂድና ነፋስ የሌለውን ቀይሩልኝ በላቸው።»