አቻ ወጣን በላቸው

ከአዳማ ስታዲየም ስንመለስ፣ ታክሲው ውስጥ ከኋላዬ አንድ ወጣትና አንድ ሸምገል ያሉ ሰው ያወራሉ። ሁለቱም የኛው ደጋፊዎች ናቸው፤ አይተዋወቁም።

«በባከነ ሰዓት ጎል ይገባብናል እንዴ፣ ጋሼ? ከሊጉ ወረድን እኮ!»

«በር ከፍቶ መተኛት ነዋ! ተከላካይ የለን።»

«እኔን የጨነቀኝ አባቴ ነው። ልቡን ያመዋል። እንዳይሰማ ብዬ ጠዋት የሬዲዮኑን ባትሪ ይዤበት ወጣሁ።»

«ታዲያ አቻ ወጣን በላቸው።»

«ስዋሽ ድምፄን ያውቀዋል።»

«ደውልና ለኔ ስጠኝ።»

ልጁ ደውሎ ሰጣቸው።

«ሃሎ፣ አካም ጅርቱ? የልጅዎ ጓደኛ ነኝ። አቻ ወጣን!»

ትንሽ አዳመጡና ስልኩን መለሱለት።

«ምን አለዎት?»

«‹ከጎረቤት ሬዲዮ ሰምቻለሁ። ልጄን አደራ፣ እንዳያለቅስብኝ› አሉኝ።»

በናዝሬት ታክሲ ቀልድ አልቆብኝ የማላውቀው እኔ፣ ሰፈሬ ሲያልፈኝ «ወራጅ አለ» ማለት አቃተኝ።