አባቷ ሥራው ምንድን ነው ሲሉ

ከብሉሚንግተን በተሳፈርኩበት ባቡር፣ ከኋላዬ አንድ ወጣትና ሽማግሌ አድርጎ የላካቸው ትልቅ ሰው ይነጋገሩ ነበር።

«ጋሼ፣ አባቷ ለምን ከለከሉኝ?»

«ሥራው ምንድን ነው አሉኝ። ከበቆሎ አልኮል ያወጣል አልኳቸው።»

«በቃ? እንዲህ ብቻ?»

«ውሸት ነው እንዴ?»

«የመኪና ነዳጅ ነው አይሉም?»

«ላስረዳ ስል ተነሡ። እኛ ጌታን የተቀበልን ቤተሰብ ነን፣ ልጃችንን ለአረቄ አውጪ አንሰጥም አሉ።»

«አረቄ አውጪ? አየሩ እንዳይበከል ላቦራቶሪ ስለፋ የምውለው ሰውዬ?»

«ቀስ በል፣ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ። እሳቸው መኪናቸው ላይ ጋዝ ሲሞሉ የሚቀዱት ምን መሰላቸው? የእኛው አልኮል አለበት። እሱን እያቃጠሉ ነው ቸርች የሚሄዱት።»

«ይህን እንኳ እኔ አልነግራቸውም።»

«ይንገሯቸው እንጂ። እሷስ ዝም አለች?»

«እሷማ ስትሸኘኝ፣ ‹ጋሼ፣ ደግመው ይምጡ› አለችኝ።»

«ይህን እስካሁን ይዘው ነው የተቀመጡት?»

«መቼ አስወራኸኝ?»

ስሙን ስላልሰማሁ፣ ከመውረዴ በፊት «ያን ልጅ» ብዬ ከልጆቼ ጋር በጸሎቴ ውስጥ ጨመርኩት።