የጠፋችው አሥራ ሰባት ቁጥር ዛላ

ወገኖቼ፣ ቀዝቃዛው የካርካዴ መጠጥ ሳይሞቅ ልናገር። አያ ካሣን ተመልከቱልኝማ፤ በራሳቸው ሽኝት ላይ እንኳ ሦስት ጊዜ ተነስተው ደመናውን አይተዋል። እባክዎ ይቀመጡ፤ ዛሬ ቢዘንብም የሚረጥብብን እህል የለም።

ወደዚህ መፋዛ ምርምር ጣቢያ የመጡ ዕለት የሆነውን ያጫወቱኝ የጣቢያው ኃላፊ፣ ሙዲራችን ዶክተር ሉብና ናቸው። አያ ካሣ ከመተማ ድንበር ተሻግረው ለአረም ሥራ መጥተው፣ አንድ ማሳ እንዲጠብቁ ይታዘዛሉ። ሙዲሯ እኩለ ቀን ላይ ሲመለሱ ማሳው ጥርት ብሎ ታርሟል። ለካ የሚጠናው አረሙ ራሱ ኖሯል! አያ ካሣ ታዲያ "የእኛ አገር ሰው አረም እያየ ቁጭ አይልም" ብለው እርፍ። የሁለት ዓመት ጥናት በአንድ ጠዋት ኸላስ፣ አለቀ።

ኋላ ዘረመሉ የተለወጠው ማሽላ መጣ፤ ፍሬውን ጥላሸት የሚያደርገውን በሽታ የሚቋቋመው። ዶክተር ሉብና መከላከያውን ከሌላ ተክል ወስደው ማሽላው ውስጥ እንዳስገቡት ሲያስረዱ፣ አያ ካሣ በጥሞና ሰምተው "ያለ ሽማግሌ የተጋቡ ናቸዋ" አሉ። እንዲህ ብለው ሲያበቁ ግን እንደ እሳቸው የጠበቀው የለም። እያንዳንዱን ዛላ የወረቀት ከረጢት ያለብሳሉ፣ ቁጥር ይጽፉበታል። ማታ በሩ ላይ ቆመው ኪሳችንን ያስገለብጣሉ፣ የቀሚሳችንን ጠርዝ ያስራግፋሉ። ሙዲሯ የሚጠቀለሉበትን ቶብ ሳይቀር አስራግፈዋል። ዶክተር፣ አይሳቁ፤ እኔው ቆሜ አይቻለሁ።

ይህ ፍተሻ ከየት እንደመጣ አዲሶቹ አታውቁም። የዛሬ አራት ዓመት፣ በመጀመሪያው አዝመራ፣ ዘሩ ገና ፈቃድ ስላላገኘ አንድ ፍሬ እንዳይወጣ፣ የተረፈውም እንዲቃጠል ታዝዞ ነበር። አያ ካሣ አጭደው አጭደው የዳሯን ተርታ ተዉአት። አጥሩንም ከፈቱት። "ቃርሚያ የድሃ ነው፤ እሱን ብናቃጥል እግዜር ምን ይለናል?" አሉ። ከቱነይድባ የስደተኞች ካምፕ መጥተን አጥሩ ሥር የተቀመጥን ሴቶች ገብተን ቃረምን። እኔም ነበርኩበት።

ሙዲሯ ሲሰሙ ደማቸው ተንተከተከ። ዘሩ በሰው ጓሮ በቅሎ ቢገኝ ጥናቱ ይዘጋላ። አያ ካሣ የገዛ ማሽላቸውን በጆንያ ተሸክመው በየድንኳኑ ዞሩ፤ ዛላችንን ይቀበሉና በምትኩ በሳህን ሰፍረው ይሰጡናል። በዚያ ተርታ አርባ ሦስት ባለ ቁጥር ዛላ ነበር፤ አርባ ሁለቱ ተመለሰ። አሥራ ሰባት ቁጥር ጠፋች።

ይኸው አራት ክረምት ሙሉ ዱላቸውን ይዘው የካምፑን ጓሮ ያስሳሉ። ጥላሸት ያልነካው አገዳ ካዩ ጎንበስ ነው። ባለፈው ሳምንት፣ ጡረታቸው ተወስኖ ሳለ፣ ልጃቸው ከመተማ ደውላ መቼ እንደሚመጡ ስትጠይቃቸው፣ "ይህንንም ክረምት ልየው እንጂ፤ ያቺ ዛላ ሳትገኝ እንዴት እመጣለሁ?" ሲሉ ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ እኔንም መቀመጥ መቆሙ አቅቶኛል። 

አያ ካሣ፣ አሥራ ሰባት ቁጥር እኔ ጋ ነበረች።

እርስዎ ድንኳኔ ሲደርሱ ተፈልፍላ እሳት ላይ ተጥዳለች። ልጆቼ ሁለት ቀን እህል አልቀመሱም ነበር። ክዳኑን ጫን አድርጌ "እኔ የለኝም" አልኩዎት። እርስዎ ደግሞ "ባይኖርሽም እንኪ" ብለው ሳህኔን ሞሉልኝ። በሳምንቱ ለሥራ አስጠሩኝ። መጀመሪያ እባረራለሁ ብዬ ፈራሁ፤ እየቆየ ሲሄድ ደግሞ አፈርኩ። እርስዎ በፀሐይ ጓሮ ለጓሮ ሲንከራተቱ እያየሁ ዝም አልኩ። ይቅር ይበሉኝ።

አልተዘራችም፣ አያ ካሣ። አንዲት ፍሬ መሬት አልነካችም፤ ንፍሮ ሆና ልጆቼ በልተዋታል። ዶክተር ሉብና፣ ቅጣቴን ነገ ይንገሩኝ፤ እቀበላለሁ። ዛሬ ግን እኚህን ሰው ላሳርፋቸው።

ስለዚያ ሳህንም፣ ስለዚህ ሥራም፣ አጥሩን ስለከፈቱባት ቀንም እግዜር ይስጥልኝ። ተሳስተው ነበር፤ ልጆቼ ግን በዚያ ስህተት በልተው አደሩ።

በሉ ብርጭቋችሁን አንሱ። ዘሩ ፈቃድ አግኝቶ ገበሬው እጅ የሚገባበትን ቀን ያሳይዎት። መንገዱን ሰላም ያድርግልዎት፤ ልጅዎ ደጅ ደጁን እያየች ነው። ለአያ ካሣ ሁላችን ቆመን እንጠጣ። እርስዎ ግን አይነሱ፤ ፍለጋው አልቋል፣ ቁጭ ብለው ይጠጡ።