የፑል ደብተሬ

ጅማ ውስጥ ስታትስቲክስ አስተምራለሁ፤ ፑል ላይ ግን በአቅራቢያችን ካለችው የቡ ከተማ የሚመጡት የቡና ገበሬ አባ ተማም ስንት ወር ሙሉ ሲጫወቱብኝ ኖረዋል። ገበያ ውለው ሲመለሱ ፑል ቤቱ ጎራ ይሉና በትሕትና አሸንፈውኝ ይሄዳሉ። እልህ ያዘኝና ደብተር ገዛሁ። የመታኋትን ኳስ ሁሉ፣ የገባችውንም የሳተችውንም፣ ከነቀዳዳዋ መመዝገብ ጀመርኩ።

ባለፈው ቅዳሜ ተማሪዎቼ ሳይቀሩ ሊያዩኝ መጡ። እኔም ጉራዬ አላስቀምጥ ብሎኝ፣ ገና ጨዋታው ሳይጀመር ደብተሩን ገልጬ ለአባ ተማም ማብራራት ያዝኩ።

"አዩ አባ፣ በቀኝ ጥግ ብዙም አልስትም። ችግሬ የግራው ጥግ ነው፤ ከሩቅ ከሆነማ ጨርሶ አይገባልኝም። ጥናት ማለት እንዲህ ነው!"

አገጫቸውን ይዘው በጥሞና ሰሙኝ። "ማሻ አላህ! ጋሪ ዳ ልጄ፣ ጥሩ ነው" አሉኝ። የተደነቁ መስሎኝ ደረቴን ነፋሁ።

ጨዋታው ተጀመረ። የእኔ ተራ በደረሰ ቁጥር ነጯ ኳስ ቆማ የምትጠብቀኝ ከሩቁ የግራ ጥግ በቀር ሌላ መምቻ በማይገኝበት ቦታ ነው። ሳትኩ። ደግሜ ሳትኩ። በአራተኛው ተማሪዎቼ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። አባ ተማም ጥቁሯን ኳስ ቀስ አድርገው አስገቡና ጨረሱ።

"አባ፣ ዛሬ ምን አግኝተው ነው እንዲህ ጉድ የሠሩኝ?" አልኳቸው ላቤን እየጠረግኩ።

"እኔማ ፊደል አልቆጠርኩም" አሉ እጄን ጨብጠው፤ "አንተው አይደለህ እንዴ ያነበብክልኝ?"