ላልሠራው ጥፋት የተዘጋ በር

ሼህ አብዱልሐሊም መርሳ መናኸሪያ አጠገብ ካለ ሱቅ ትልቅ ቁልፍ ገዝተው ሲወጡ፣ ከወልድያው ሚኒባስ ከወረደች ወጣት ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። የሟች ወዳጃቸው ልጅ ዙልፋ ነበረች፤ ሕግ ተምራ ወልድያ ጥብቅና ትሠራለች።

«አሰላሙ ዐለይኩም፣ አባባ። ቁልፉ ለምንዎ ነው?»

«ወዐለይኩሙሰላም፣ ልጄ። ለሙስዐብ ነው፣ ለሟች እህቴ ልጅ። ሰሞኑን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቤታችን ላይ ድንጋይ ይወርዳል፤ ወርዋሪው አይታይም። ልጁ ደግሞ ትምህርቱን ትቷል፤ ዛሬ ድንጋዩን ባይወረውር እንኳ ነገ ሌባ መሆኑ አይቀርም። ስለዚህ ሳያጠፋ መጋዘን አስገባሁት። እናንተ የሕግ ሰዎች ወንጀል መከላከል የምትሉት ይህንኑ አይደል?»

«ይህማ ቅጣት ነው፣ አባባ። ያውም ላልሠራው ጥፋት። እባክዎ ልየው።»

የተማረ ሰው ነገር ያበዛል ብለው አሰቡ፤ ቢሆንም ይዘዋት ሄዱ።

ግቢው ጭር ብሏል። ፍየሎቹ ከመጋዘኑ ርቀው አንድ ጥግ ተፋፍገዋል። ሼሁ ወደ በሩ ሲጠጉ ድንጋይ ቆርቆሮውን መታና እየተንከባለለ እግራቸው ሥር ወደቀ። በሩ ከውጭ እንደተቀረቀረ ነው። ዙሪያውን ቢቃኙ አንድም ሰው የለም።

«ማነው ታዲያ?»

«አላውቅም» አለች ዙልፋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ልጁ ግን እዚህ ውስጥ ነው።»

በሩን ከፈቱት። ልጁ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተቀምጧል፤ ንቅንቅ አላለም።

«ሙስዐብ!»

«ሙስዐብ የለም» አለ፣ በራሳቸው በሼሁ ድምፅ። «እዚህ ያለው ሌባው ነው።»

ሼሁ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። «ጂን ገብቶበታል!»

«እሱን አላህ ያውቃል። ‹ሌባ› የሚለውን ስም ግን የሰጠነው እኛ ነን። ለመሆኑ ትምህርቱን ለምን እንደተወ ጠይቀውታል?»

አልጠየቁም ነበር። አሁን ጎኑ መሬት ላይ ቁጭ ብለው ጠየቁት። ልጁ በራሱ ቀጭን ድምፅ መለሰ።

«ተማሪዎቹ ‹እናትህን ጂን ነው የበላት› ይሉኛል። አብሮኝ የሚቀመጥ የለም።»

ሽማግሌው አቅፈውት አለቀሱ፤ ከዚያ ወደ ዙልፋ ቀና አሉ። «መከላከል ማለት ምንድን ነው፣ ልጄ?»

«ልጁን ወደ ጥፋት የሚገፋውን ነገር ቀድሞ ማንሳት ነው፣ አባባ። መጠየቅ፣ ከትምህርቱ እንዳይነጠል ማድረግ፣ ብቻውን አለመተው። ያጠፋ ልጅ እንኳ የሚታረመው እንዲመለስ ተብሎ ነው።»

በማግሥቱ ሼሁ ራሳቸው ትምህርት ቤት ወሰዱት፤ መምህሩንም አነጋገሩ። ከሰዓት በኋላ ማንጎ ማሳቸው ይዘውት መውረድ ጀመሩ። ውሎ አድሮ ሙስዐብ ከጓደኞቹ ጋር እየተሳሳቀ ይመለስ ጀመር፤ ቤቱም ሳቅ ገባው። ድንጋዩ ግን አንዳንዴ መውረዱን አልተወም።

ሰፈርተኛው ተሰብስቦ አሁን ደግሞ የባለሱቁን የአዳነን ልጅ ሚኪያስን በድንጋዩ ጠርጥሮ እንያዘው ሲል፣ ሼሁ ተነሡ።

«እኔ በልጅ ላይ በር ዘግቼ ያተረፍኩት ልቡ የሸሸ ልጅ ነው። ከፍቼ፣ ጠይቄ፣ አብሬው ስውል ግን ልጄን አገኘሁት። ልጅ ሲጠፋብን የምንደነግጠውን ያህል፣ ከመጥፋቱ በፊት እንድረስለት።»

አዳነ ከሰዉ መሐል ወጥቶ፣ «የእኔም ትምህርት ትቷል። አብረውኝ ይሄዱልኛል፣ ሼህ?» አለ።

«ነገ ጧት» አሉት።